የማልጠራውን ስም በጽሑፍ ስለማቅረብ

ቀን፦ እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2019

ለኩሩንዳ እግር ኳስ ክለብ ሥራ አመራር ኮሚቴ
ለተከበሩ ሊቀ መንበር ለአቶ ዊልፍሬድ ማኔቶና
ኩሩንዳ፣ ምዕራብ ግዛት፣ ሰለሞን ደሴቶች

አመልካች፦ ኤልካና ሪኬዎ፣ የክለቡ ኳስ አውጪ (ባለ ታንኳው)

ጉዳዩ፦ ለዋና አሰልጣኝነት በቃል ያቀረብኩት ዕጩ እንደ ቀልድ ተቆጥሮ ሳይመዘገብ ስለቀረ፣ በገዛ እጄ ጽፌ ሳቀርብ እንዲመዘገብልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሊቀ መንበር፣

1. ይህን ማመልከቻ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የማታ ትምህርት ስምንት ወር ተከታትዬ ባለፈው ወር ጨርሻለሁ። ከዘጠኝ ተማሪዎች አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ስምንቱ ይህን ይክዳሉ፤ መምህርት ሎይስ ግን ሲጠየቁ ዝም ስላሉ ዝምታቸው ምስክሬ ነው። ስሕተት ከተገኘ የመብራቱ ነው።

2. ክቡርነትዎ ከዋና ከተማው መጥተው ወንበሩን ከያዙ ገና አራት ወርዎ ስለሆነ እኔን የሚያውቁኝ በሳቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሥራዬን ላስረዳ። ሜዳችንን በምዕራብ ባሕር፣ በሰሜን ረግረግ ያዋስነዋል። ከምዕራቡ ጎል ጀርባ ታንኳ ላይ ተቀምጦ ወደ ባሕር የሚያመልጠውን ኳስ ቀዝፎ የሚመልሰው ሰው እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ባሕሩ አንድም ኳስ አላስቀረብኝም። አንዱን አዞ ወስዶት ነበር፤ የማን ኳስ እንደሆነ ሲረዳ ግን ራሱ አምጥቶ አስረክቦኛል። (ይህ ቀልድ ነው። ከእንግዲህ የምጽፈው ግን ቀልድ ስላልሆነ እንደዚያው እንዲነበብልኝ በትሕትና እለምናለሁ።)

3. ሕዝቡ ጨዋታ የሚያየው በወዲያኛው መስመር ቆሞ ነው፤ እኔ በወዲህ ብቻዬን ነኝ። የሚያጫውተኝ ስለሌለ ዓይኔ ከሜዳው አይነቀልም። አንድ አሰልጣኝ ምን ዓይነት እንደሆነ የማውቀውም ስንት ጊዜ እንዳስቀዘፈኝ ቆጥሬ ነው። አሰልጣኝ ጆሳፋት ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ልጃቸው ዘንድ እስኪሄዱ ድረስ ስድስት ዓመት ሲያሠለጥኑ፣ በዓመት ከሃያ ኳስ በላይ አውጥቼላቸው አላውቅም። ኳሱ መሬት ለመሬት ነበር የሚሄደው፤ ከእግር ወደ እግር፣ አጭር አጭር፣ ቶሎ ቶሎ፣ እንደ ሐሜት።

ይህን ስልት የመረጡት ስላማረባቸው አይደለም። ልጆቻችን አጫጭሮች ስለሆኑ ነው። ከአሥራ ስድስቱ ተጫዋቾች አሥራ አንዱ ዓሣ ፍለጋ የሚጠልቁ ጠላቂዎች ናቸው፤ ትንፋሻቸው አያልቅም፣ እግራቸው አይያዝም፤ ቁመትን ግን እግዜር ለሌላ ደሴት አድሎታል። አምበላችን መዝሙር ሲዘመር ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ «ኧረ ተነሥ አንተ!» ተብሎ ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ከምሥራቅ ስለሚነሣ፣ ወደ ላይ የተመታ ኳስ ሁሉ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው።

4. ኮሚቴው ብቸኛ ዕጩ አድርጎ የያዛቸው አሰልጣኝ ክላረንስ ባቱላ መጥፎ ሰው አይደሉም። የሥራ ማስረጃቸው በሱቁ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ፤ አሁን ስለምችል አንብቤዋለሁም። በዋና ከተማው ረጃጅም ልጆች ይዘው ዋንጫ ወስደዋል። ባለፈው ሳምንት እዚህ ለሙከራ ሲመጡ ግን በአራት ልምምድ አርባ ሦስት ኳስ ከባሕር አወጣሁ። «ከፍ አድርጉ! ከፍ አድርጉና ግጩ!» ይላሉ። አጥቂያችን ሦስት ቀን ሙሉ ሲዘል ከርሞ በአራተኛው፣ «አሰልጣኝ፣ ኮኮናቱ ላይ ልውጣና ከዚያ ሆኜ ልግጨው?» ቢላቸው ተቆጡ። ልጁ ከልቡ ነበር።

የግዛቱ ውድድር ጊዞ ከተማ ላይ ሊጀመር ዘጠኝ ሳምንት ቀርቶታል። በዘጠኝ ሳምንት ሰው አይረዝምም። ሌላ ተጫዋች እንዳናመጣ ያለን ይኸው አሥራ ስድስት ነው። ጫማ ለእግር ይፈለጋል እንጂ እግር ለጫማ አይፈለግም፤ አሰልጣኝም እንደዚያው።

5. አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ያ ሳምንት ለእኔ ጥሩ ሳምንት ነበር። ኳስ ባሕር በገባ ቁጥር ሕዝቡ ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል። «ኤልካና! ቅዘፍ እንጂ አንተ ሽማግሌ!» «ኤልካና፣ ዛሬ እራትህ ቱና ነው ወይስ ኳስ?» ይሉኛል። እኔም የእጃቸውን እሰጣቸዋለሁ። አርባ ሦስት ጊዜ ስሜ ተጠራ። ባለቤቴ ኖኤላ ካረፈች ወዲህ ስሜን በዓመትም ይህን ያህል የጠራኝ የለም። አሰልጣኝ ክላረንስ ቢቀጠሩ ሥራዬም ስሜም ይደምቃል። እኔ የማቀርበው ሰው ቢቀጠር ግን ታንኳዬ ላይ ተቀምጬ ስሜን የሚጠራ ሳልሰማ እውላለሁ። ይህን የምጽፈው ለራሴ ጥቅም አለመምጣቴ እንዲታወቅልኝ ነው።

6. የማቀርበው ሰው የኖኤላ ታናሽ ወንድም ነው። ክቡርነትዎ ያደጉበት ደሴት ወጉ ሌላ ስለሆነ ላስረዳ፦ በእኛ ዘንድ አማች የአማቹን ስም አይጠራም። አይቀልድበትም። ቁም ነገር ሲኖረው በምታገናኛቸው ሴት በኩል ይልካል። እኔና እሱ ሃያ ሁለት ዓመት በኖኤላ አፍ ስናወራ ኖረናል። ከጨዋታ በኋላ እሱ ከቤታችን ደረጃ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ከውስጥ፣ እሷ በሩ ላይ ሆና ካሳቫ ትፍቃለች።

«ለባልሽ ንገሪው፤ የግራ ክንፍ ተጫዋቹ ደክሟል። ከእረፍት በኋላ ጨርሶ አልሮጠም።»

«ለወንድምሽ ንገሪው፤ እኔ ከታንኳ ላይ በደንብ አይቻለሁ። አልደከመም፤ ሰንፎ ነው።»

«ሁለታችሁም ጆሮ አላችሁ አይደል? እኔ ምን አድርጌያችሁ ነው!» ትላለች። ግን ታደርሳለች። አንዳንዴ ሲሰለቻት ታሳጥረዋለች፦ «ተሳስተሃል ይልሃል።» ወዲያው ዞር ብላ ደግሞ፦ «አንተም ተሳስተሃል ይልሃል።»

እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ከዚያ ወዲህ በእኔና በእሱ መካከል አንድ ቃል አላለፈም። ተጣልተን አይደለም፤ የምታሻግረን ስለሌለች ነው። በልምምድ ቀን እሱ ከሜዳው ማዶ ካለው የባሕር ለውዝ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ እኔ ታንኳዬ ላይ። ግራ ክንፉ ሲያነክስ እሱ ወደ እኔ ያያል፣ እኔም ወደ እሱ አያለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

የማታ ትምህርት የገባሁት ለዚህ ነው። አፍ ካልተፈቀደልኝ ወረቀት ያደርስልኝ ይሆናል ብዬ። ስምንት ወር ተማርኩ፤ አንድም ወረቀት አልላክሁለትም። እንዴት ተብሎ እንደሚጀመር መምህርት ሎይስ አላስተማሩንም።

ቁጥር 6 እንደረዘመ አውቃለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

7. በጁላይ 19ኙ ስብሰባ፣ አሥር ዓመት የሞላው አባል ዕጩ ማቅረብ ይችላል ሲባል ተነሣሁ። «የባለቤቴን ወንድም አቀርባለሁ» አልኩ።

ጸሐፊው አቶ ዴንዘል፣ «የቱን? አራት ናቸው። ስም!» አሉ።

«ከለውዙ ዛፍ ሥር የሚቀመጠውን።»

ከኋላ አንዱ፣ «ኧረ እሱ የፓስተሩ ውሻ ነው!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ዴንዘል «ስም ካልተጠራ መዝገብ ላይ አይሰፍርም» አሉ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁ። ያን ጊዜ ይባስ ሳቁ። ክቡርነትዎም፣ «ኤልካና፣ ለቀልድ ሌላ ቀን አለ» ብለው በጨዋ ደንብ አስቀመጡኝ። አልተቀየምኩም። አሥራ ሰባት ዓመት ሲያስቅ የኖረ ሰው አንድ ቀን ቢያመርር ማን ያምነዋል? በአዳራሹ ስሙን የሚያውቁ ሃምሳ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱም አልጠራልኝም። በኋላ ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ቀልድህ መስሎን ነዋ! መጨረሻውን ስንጠብቅ ዝም ብለህ ተቀመጥክ» አሉኝ።

አማቼ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በስሙ እንደቀለድኩ፣ ከውሻም እንዳስተካከልኩት ቆጥሮታል። በእኛ ወግ ከዚህ የከፋ ነውር የለም። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዛፉ ሥር አይቀመጥም። በዚያ በአርባ ሦስት ኳሱ ሳምንት እንኳ፣ ሕዝቡ ስሜን ሲጠራ፣ ቀና ስል የማየው ባዶ ዛፍ ነበር።

8. አቶ ዴንዘል ስብሰባው ሲዘጋ፣ እስከ ኦገስት 12 ቀን ድረስ በአባሉ በራሱ እጅ ተጽፎ የሚቀርብ ዕጩ እንደሚቀበሉ ተናግረዋል። ሆኖም ስም መጻፍ ስም መጥራት ይሆን ወይ ብዬ ፈራሁ። የመንደራችንን ሽማግሌ አቶ ሌቪ ሶጋን ጠየቅኋቸው። ለመነቃቂያ የሚያኝኩትን የቢንሎ ፍሬ እስኪጨርሱ አሰቡ። «አፍ አፍ ነው፤ እጅ እጅ ነው። አባቶቻችን ስለ እጅ ያሉት የለም፤ መቼ ጽፈው ያውቃሉ!» አሉ። ልሄድ ስነሣ ግን ጠሩኝና፣ «ስትጽፈው አፍህን ዝጋ» አሉኝ።

ክቡርነትዎ፣ እኔ ገና ጀማሪ ስለሆንኩ የምጽፈውን ሁሉ በአፌ እያልኩ ነው የምጽፈው። ይህንን ደብዳቤም እስከዚህ ድረስ በቤቴ ውስጥ ጮክ እያልኩ ነው የጻፍኩት፤ ሰሚም ስለሌለ ማንንም አልረበሽኩም። ለሚቀጥለው መስመር ግን ፎጣ ነክሻለሁ።

ለዋና አሰልጣኝነት የማቀርበው ዕጩ፦ ሄስሮን ኩሌቫ።

9. እሱ ለአሰልጣኝ ጆሳፋት ስድስት ዓመት ረዳት ነበር። አሥራ ስድስቱንም ልጆች ያውቃቸዋል፤ ማን በየትኛው እግሩ እንደሚፈራ፣ ማን ሲሰደብ እንደሚጫወት፣ ማን ሲሰደብ እንደሚያለቅስ። ኳስ ከመሬት እንዳትነሣ ያስተማራቸው እሱ ነው። በዓመት ባሕር የሚገቡት ሃያ ኳሶች እንኳ የእሱ ጥፋት አይደሉም፤ የበረኛው ናቸው።

ስለዚህ፦

ሀ. ዕጩነቱ በዚህ ጽሑፍ መሠረት እንዲመዘገብልኝ፤

ለ. እንደ አሰልጣኝ ክላረንስ ሁሉ ለእሱም በእነዚሁ ልጆች የአንድ ሳምንት ሙከራ እንዲሰጠው። ባሕር የገባውን ኳስ እኔ እቆጥራለሁ። አማቹ ስለሆነ ያደላል የሚል ካለ፣ አንድ ታዛቢ አብሮኝ ታንኳው ላይ ይቀመጥ። ለሁለት ሰው ይበቃል። ጥላም አለኝ፤

ሐ. እንዳልቀለድኩበት እንዲነገረው። ክቡርነትዎ አማቹ ስላልሆኑ ስሙን ጠርተው፣ ፊት ለፊት ሊነግሩት ይችላሉ። ሥራውን አልፈልግም ቢል መብቱ ነው። ኮሚቴውም «ሀ»ን እና «ለ»ን ቢነሣኝ አቤት የምልበት የለኝም። «ሐ»ን ግን እባክዎ አይንሱኝ። ሲነግሩትም እኔ በሌለሁበት ይሁን፤ ስሙ ሲጠራ እኔ ታንኳዬ ላይ ብሆን ይሻላል።

ፊቴን ወደ ሜዳው አድርጌ፣ ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ኤልካና ሪኬዎ
(ይህ ፊርማ ነው፤ እንደ ድሮው የጣት አሻራ አይደለም)

ግልባጭ፦
— ለክለቡ ጸሐፊ ለአቶ ዴንዘል
— ስሙ ከላይ አንድ ጊዜ ለተጻፈው ሰው፣ እንደ ወትሮው በኖኤላ በኩል፦ ለወንድምሽ ንገሪው፤ ግራ ክንፉ ሰንፎ አይደለም፣ ደክሞ ነበር። ልክ እሱ ነበር። ዛፉ ሥር ቦታውን ማንም አልያዘበትም።