ያላየሁትን ሞላሁ

ለወንድም ጋሼ ሙሉብርሃን፣

እንደምን ከረምክ? የጀርመን ብርድ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ አብርሆትስ ደህና ናት? ትንሹ በእምነት አፉን ፈታ ወይ? እኔ እዚህ ቦንጋ በአካል ደህና ነኝ። «ሁላችንም ደህና ነን» የሚለውን ግን ዛሬ አልጽፍልህም። እባክህ አብርሆት አጠገብህ ሳለች ቁጭ ብለህ አንብበው።

መጀመሪያ የሥራችንን ነገር ላንሳ። እንሰታችንን የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ ፕሮቲን የኮምፒውተር ሞዴል ልከህልኝ አልነበር? ከአሚኖ አሲዶቹ ሃያ ሦስቱ ጎዶሎ ነበሩ፤ ግንዳቸው ቆሞ ቅርንጫፋቸው የጠፋ። የኤክስሬዩ ካርታ አተሞቻቸው የት እንዳሉ ስላላሳየህ ባዶ ትተሃቸዋል። እኔ ችኩሏ ደግሞ መብራት ሳይሄድብኝ ብዬ፣ ጎዶሎዎቹን ሁሉ በአንዴ የሚሞላውን ትእዛዝ ተጫንኩ። ፕሮግራሙ ከሚያውቃቸው ቅርጾች እየመረጠ አተሞቹን ደረደረልኝ። ሲያዩት ያምራል፣ እንከን አይወጣለትም። ደስ ብሎኝ ላክሁልህ።

አንተም ከሞላኋቸው አሥራ አንዱ ካርታው ምንም በማያሳይበት ቦታ መቆማቸውን ጽፈህ መለስክልኝ። «ያላየሽውን አትሙዪ፤ በኋላ የሚመጣ ሰው እውነት ይመስለዋል» አልከኝ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። ለፕሮቲኑ ብዬ አይደለም።

ወንድሜ፣ አባባ አርፏል። ጥቅምት ሃያ አንድ፣ ዋጫ፣ እቤቱ ነው ያረፈው። ሳንባው ነበር። አጎታችን ጋሽ ሀብተ ማርያም ከለቅሶው ድንኳን ጠርተው፣ ሙሉብርሃን የትምህርቱን ፈተና ሳይጨርስ እንዳይሰማ፣ አገር ቤት ሲመጣ ማለዳ ተሰብስበን እናረዳዋለን አሉኝ። ወጉ ነውና እሺ አልኩ። አንተ ግን በየሳምንቱ ትደውላለህ። አባባን አገናኚኝ ስትል ደካ ገበያ ሄዷል አልኩህ። ሌላ ጊዜ ኔትወርክ የለም አልኩህ። እማማ ድምፅህን ስትሰማ ወደ ጓሮ ትወጣለች። በጥር ወር ደብዳቤዬ ላይ አባባ «ቡናው ዘንድሮ ጉልበት ጨረሰብኝ» ብሎ መቀለዱን ጻፍኩልህ። የአባባን አነጋገር ስለማውቅ አልተቸገርኩም። አንተም አምነህ ሹራብ ላክህለት። ሹራቡ ሳጥን ውስጥ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የመጨረሻው ቀን ነው። እጄን ይዞ፣ «ለሙሉብርሃን ንገሩት፤ እንዳይጠብቀኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ አራት ወር ሙሉ አስጠበቅሁህ። ይቅርታ ለመጠየቅም አፍ የለኝም።

ብቻህን አታልቅስ፤ በአካባቢህ ያለውን የአገር ሰው ጥራ። አብርሆትን አይዞሽ በልልኝ፣ በእምነትን ሳምልኝ። እማማ ጥቁሯን አላወለቀችም፤ ስምህን እየጠራች ሰላም ትልሃለች። እህታችን ፀዳለ ከነልጆቿ ናፍቃሃለች። ጋሽ ሀብተ ማርያም ይህን መጻፌን አያውቁም፤ እሳቸውም እንደምን ነህ ይሉሃል። ከሁሉም በፊት የአባባን ሰላምታ ነበር የምጽፈው። ዛሬ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።

እህትህ የሺሃረግ
ቦንጋ፣ የካቲት 18 ቀን 2010 ዓ.ም.