የመግዣና የመሸጫ ሚዛን

ቡታጅራ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለባሂራ
ናይሮቢ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሰረዝኩት። እናትሽ ያው ጉልበቷ ነው። ሐኪሙ ጎንበስ ቀና አትበዪ ብሏት፣ በዚያው ቀን መሬት ተቀምጣ በርበሬ ስትለቅም አገኘኋት። ብናገራት «አንተ ደግሞ ሐኪም ሆንክ?» አለችኝ።

ይህን ደብዳቤ የአክስትሽ ልጅ ከድጄ ታደርስልሻለች። በዚህ ዘመን ደብዳቤ ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። «አንብባ እስክትጨርስ ከአጠገቧ እንዳትነሺ» ብያታለሁ። አንቺም ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የበርበሬው ወቅት ገብቷል፤ ገበያው ግን ጭር ብሏል። ከቆላ የሚመጡት ገበሬዎች መንገዱን ፈርተው ቀርተዋል። ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለው ነጋዴ፣ ስሙን አልጠራም፣ ዘንድሮም ሚዛኑ ሁለት ነው። ከገበሬ ሲገዛ አንዱን ያወጣል፣ ለአዲስ አበባ ሰዎች ሲሸጥ ሌላውን። በርበሬውንም ውሃ ረጭቶ ነው የሚያስመዝነው። ባለፈው በሰው ፊት ቀጣፊ ብዬው አኩርፎኛል። የሚገርመው፣ እሱ የተታለለ ዕለት እንደሱ የሚጮህ የለም።

ስለ ሚዛን ካነሳሁ፣ በረመዳን በጣቢያችሁ ያቀረብሽው ዝግጅት ትዝ አለኝ። ትልልቆቹ መንግሥታት ለአንዱ አገር ስደተኛ በር ከፍተው ለሌላው ሽቦ እንደሚያጥሩ፣ ወዳጃቸው ሲገድል «አሳስቦናል»፣ ጠላታቸው ሲገድል «ወንጀል ነው» እንደሚሉ፣ ቴሌቪዥኑም የአንዱን አገር ሟች በስሙና በፎቶው፣ የሌላውን በቁጥር ብቻ እንደሚናገር አንድ በአንድ አሳየሽ። ሱቁ ጢም ብሎ ነበር። እማ የሺመቤት እልል ብላ «ጡቴ ፍሬ አፈራ!» ስትል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ኪዱም ባጃጁን በር ላይ አቁሞ፣ «እህቴ ናት እኮ!» እያለ ለአላፊ አግዳሚው በስልኩ ያሳይሽ ነበር። እኔም በኩራት የምይዝ የምጨብጠው ጠፍቶኝ ለአንድ ደንበኛ በርበሬ ያለ ሂሳብ ሰጠሁ።

ታሪኩን ታውቂዋለሽ፤ ዛሬ ግን ልድገመው። እናትሽ አንቺን ወልዳ ሆስፒታል ስትተኛ፣ ጎረቤታችን የሺመቤት ልጇን ኪዱን በአንድ ጡት፣ አንቺን በሌላው ይዛ አሳደገችሽ። እሷ ክርስቲያን ናት፣ እኛ ሙስሊም። በሸሪዓችን ግን ከአንድ ጡት የጠባ ወንድም ነው፤ ከአንድ ማህፀን እንደወጣ ይቆጠራል። እንዳትጋቡ እንኳ የተከለከላችሁት ለዚህ ነው። ኪዱ ወንድምሽ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ወሰኑ ላይ የሆነውን አንቺው በዜና አንብበሽዋል። የሁለት ቀበሌ የመሬት ጠብ ነው። ሃይማኖት የለበትም፤ በሁለቱም በኩል ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። ከኛ ወገን ስድስት ሰው ተገደለ። የስድስቱንም ስም አነበብሽ፣ ፎቷቸውን አሳየሽ፣ ልጆቻቸውን አነጋገርሽ። ይገባቸዋል፤ እኛም አልቅሰን ቀብረናቸዋል። በማግስቱ ጠዋት የኛ ወገን ልጆች መንገዱን ዘጉ። ከወዲያ በኩልም ቤት ተቃጠለ። የዚያን ዕለት ማታ «ከጥቃት አድራሾቹ አንዱ መሞቱ ታውቋል» ብለሽ ወደ ሌላ ዜና አለፍሽ።

ልጄ፣ ያ ሰው ኪዱ ነው።

የሺመቤት ትውልዷ ከወዲያኛው ቀበሌ አይደል? ኪዱ አጎቱ ዘንድ ያለውን የኔን በርበሬ ሊያመጣልኝ ነበር የሄደው። ባጃጁ ላይ ከጆንያ በቀር ምንም አልነበረም። መንገድ የዘጉት አስወርደው «የማን ወገን ነህ?» አሉት። የእናቱን አገር ተናገረ። መዋሸት መቼ ያውቅበታል።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሄዶ፣ ከጎን ተቀምጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። እናትሽ ማንም ስልክ እንዳይነካ ከለከለችን። ባሂራን እንዴት እናርዳት እያልን ስንመካከር፣ አንቺ ተኳኩለሽ የገዛ ወንድምሽን መርዶ ለአገር አነበብሽው።

ለስድስቱ ቀብር ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ነበር። ለኪዱ የመጣነው ጥቂት ነን። ዕድሩም ድንኳን የተከለው ከስንት ክርክር በኋላ ነው። እዚያ ድንኳን ውስጥ አንዱ ስልኩን ከፍቶ ያንኑ ዜናሽን ያዳምጥ ነበር። የሺመቤት ድምፅሽን ስትሰማ ከተደፋችበት ቀና አለች። ስሙን ትጠራዋለች ብላ ጠበቀች። ዜናው አልፎ ስለ ሌላ አገር ጦርነት ስትጀምሪ ወደኔ ዞረች።

«ጋሽ ሸምሶ፣ ኪዱዬ መቼ ነው ጥቃት አድራሽ የሆነው?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ልጄ አላወቀችው ይሆናል። አይደለም እንዴ? ብታውቀው እንዲህ አትልም» አለች።

ልጄ ያለችው አንቺን ነው።

ወሬውን ማን እንደነገረሽ አውቃለሁ። ራምዚ ነው። ታናሽ ወንድምሽን ማመንሽ አይገርመኝም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ። ግን ስለ ትልልቆቹ መንግሥታት ያን ሁሉ የተናገርሽ ልጅ፣ ከወዲያኛው ቀበሌ ለአንድ ሰው ደውለሽ «የሞተው ማን ይባላል?» ብትዪ ምን ነበረበት? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት ሆነብኝ። ተናድጄብሻለሁ ባሂራ። እንደምታለቅሺም አውቃለሁ።

ራምዚ ከዚያ ቀን ወዲህ ከኔ ጋር ማዕድ አይቀርብም። ኪዱን እግር በእግር እየተከተለ ያደገ ልጅ ለቅሶው ላይ አልቆመም። ሲጠየቅ ሥራ በዛብኝ ይላል። ማክሰኞ እናትሽ ጃኬቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ የባጃጅ ቁልፍ አገኘች። መያዣውን ታውቂዋለሽ፤ ኪዱ ባጃጁን የገዛ ዕለት በቀይ ክር ጠልፈሽ የሰጠሽው ነው። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጣ ወደ ጃኬቱ ተመለሰች። ያን ቀን ያንን ጃኬት እንዴት እንዳሸችው ብታዪ!

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ራምዚን እስካሁን አልጠየቅሁትም። ፈራሁ።

ሐሙስ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። የሚመራው ሀብተጊዮርጊስ ነው፤ የሟቾቹን ስም እየጠራ «ያየም፣ የያዘም ይናገር» ይላል። ሸንጎው ፊት ነገር ይዞ ዝም ያለ ሰው በኛ አገር ከገዳዩ እኩል እንደሚቆጠር ታውቂያለሽ። እናትሽ «ልጅህ ነው» ትለኛለች። አዎ፣ ልጄ ነው። ኪዱስ የማን በርበሬ ሊያመጣ ሄዶ ነው የሞተው? የፊት ለፊቱን ሰውዬ ቀጣፊ እያልኩ ኖሬ፣ በስተርጅና ሁለተኛ ሚዛን ላውጣ? የኪዱ ስም ሲጠራ እነሳለሁ።

አንቺም በበኩልሽ በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ሰዓት ስሙን ጥሪ። በርበሬ ሊያመጣ የሄደ ሰው እንጂ ጥቃት አድራሽ እንዳልነበረ ተናገሪ። አለቆችሽ ቢቆጡ ይቆጡ። ማን ገደለው ብለው ቢጠይቁሽ አባቴን ጠይቁ በያቸው። ለቅሶ መድረሱ ከዚያ በኋላ ነው። የሺመቤት ድንኳኑ ከተነሳ ወዲህም ማታ ማታ ጎረቤት እየለመነች ዜናሽን ታስከፍታለች።

አላህ ያጽናሽ ልጄ። አንደበትሽን ለእውነት ያቅናልሽ፣ ከሰው ፊትም ከራስሽም ፊት አያሳፍርሽ። እናትሽ ዘይባ ጉንጭሽን ስማሻለች። የሺመቤት «ልጄን ሳሙልኝ፣ እህል ትቅመስ» ብላለች። ኪዱ «እህቴን ሰላም በሉልኝ» የማይልበት ጊዜ አልነበረም፤ ይህ የሱ ሰላምታ የሌለበት የመጀመሪያው መልእክቴ ነው።

እናትሽ ከጎኔ ሆና የራምዚንም ሰላምታ ጻፍላት ትለኛለች። እሱ ከሐሙስ በኋላ ራሱ ይጻፍልሽ። ከየት ሆኖ እንደሚጽፍልሽ ግን ዛሬ አላውቅም።

አባትሽ
ሸምሶ