በሞላ የተንጠለጠለው ማሽን ሁለት አካሄድ

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ፤

እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎ ደረጃ መውጣት ቻለ? ዓይንዎስ? አሁንም የሚዛን ጭረት ያለ መነጽር አያለሁ እያሉ እማዬን ይሞግቷታል? እኔ ደህና ነኝ፤ ክብደትም ጨምሬያለሁ፤ በእርስዎ ሚዛን ስላልተመዘንኩ ግን አላምነውም። ዛሬ የምጽፍልዎት ደረቴን ነፍቼ ነው።

ፋብሪካችን ውስጥ ከእያንዳንዳችን ራስ በላይ አንድ ከባድ ብሎን ማጥበቂያ በሰንሰለትና በሞላ ተንጠልጥሏል። ስበን እንሠራበታለን፤ ስንለቀው ሽቅብ ቁልቁል ይዘላል። ባለፈው ወር ከጎኔ የምትሠራው፣ ሳቂታ የምንላት ልጅ፣ ለቃው ዞር ስትል ማሽኑ ዝላዩን ትቶ ወደ ጎን ተወዛወዘና ቅንድቧን ፈነከታት። አለቃችን ራሷ ገፍታው ነው ብሎ ከሥራ አገዳት። እኔ ግን ማንም እንዳልነካው አይቻለሁ። ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብቻዬን ቀርቼ የሳቂታን ማሽን ሳብ አድርጌ ለቀቅኩት። እርስዎ የሞላ ሚዛን ሲጠግኑ “አትንኪው፣ ቁጠሪው” ይሉኝ የለ? ቆጠርኩ። ሲዘል በደቂቃ ስልሳ፣ ወደ ጎን ሲወዛወዝ ሠላሳ፤ ልክ እጥፉ። አንዴ ወዲያና ወዲህ እስኪል ሁለቴ ስለሚዘል፣ ዝላዩ ለውዝዋዜው በሰዓቱ በሰዓቱ ጉልበት ያቀብለዋል። የእኔ ማሽን ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ሰማንያ ይዘላል፤ እሱ ወደ ጎን ሄዶ አያውቅም።

ማሽኖቹን ለምትቆጣጠረው መሐንዲስ ነገርኳት። አለቃችን ብሎን አጥባቂዋ ከመቼ ወዲህ መምህር ሆነች ብሎ ቀለደብኝ። እሷ ግን ሰዓቷን ይዛ ራሷ ቆጠረች። ከዚያ ማሽኑ ላይ ሁለት ኪሎ ያህል ብረት ጨመርን፤ ዝቅ ሲል ከሰንሰለቱ ጥቂት ቀለበት ቀንሰን ወደ ቦታው መለስነው። ቁመቱ ስላልተለወጠ ውዝዋዜው ያው ሠላሳ ሆነ፤ ዝላዩ ግን ወደ ሃምሳ ወረደ። ደጋግመን ብንለቀውም ሽቅብ ቁልቁል ብቻ ዘሎ ቆመ።

ሳቂታ ሰኞ ተመለሰች፤ አለቃችንም በሁላችን ፊት ይቅርታ ጠየቃት። መሐንዲሷ የት እንደተማርኩ ስትጠይቀኝ “አባቴ ሚዛን ጠጋኝ ነው” አልኳት። አሁን የፋብሪካውን ማሽኖች ሁሉ እየዞርኩ እንድቆጥር መድባኛለች።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሙልኝ። ታላቅ እህቴን ከነልጆቿ፣ ታናሽ ወንድሜንም ከነኩርፊያው ሰላም በሉልኝ። ሴት ልጅን ሞላ ማስቆጠር ምን ይረባል ይሉዎት ለነበሩት አጎቴም ሰላምታዬ ይድረስ፤ ይህን ደብዳቤ ለቤተሰቡ ጮክ ብለው የሚያነቡት ግን እሳቸው ይሁኑ።

ልጅዎ

ከሠራተኞች ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
የካቲት ፱ ቀን