በሕማማት ማክሰኞ የነሳሁህ ሰላምታ

ታዴዬ፣

በወሩ ቢቆጠር ገና ቀናት ይቀራሉ። በእኔ አቆጣጠር ግን ከተለየኸኝ ዛሬ ዓመትህ ነው፤ ዛሬ የሕማማት ማክሰኞ ነው።

ቦንጋ ዝናቡ በርትቷል። የሚያፈሰውን የጓዳ ጣሪያ ወንድምህ መጥቶ ቆርቆሮውን ቀየረልን። ልጃችን ማርታ አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ስለምትመስል አንዳንዴ ፊቴን አዞራለሁ። ማንኪራ ጫካ ዛፍ ላይ ያሉትን ቀፎዎችህን ለጎረቤት ሰጠሁ። ማር ሲያመጡልኝ አልቀመስኩትም።

ሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ጎን ለጎን ቆመን ነበር። በሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞቱት ሁሉ አስቀድሞ የሚጸለየውን ጸሎት ሰማን። አንተ ለማርታ የዘንባባ ቀለበት ትሠራ ነበር። ያ የራስህ ፍትሐት ነበር፤ ሁለታችንም አላወቅንም።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ለፋሲካ ማር ላውርድ ብለህ ስትነሳ፣ እንደ ልማድህ ልትስመኝ ጎንበስ አልክ። ተቆጣሁህ። ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ በሰጠበት ሳምንት ሰው አይሳሳምም፤ አንተ ደግሞ በየዓመቱ ትረሳለህ፣ ወይም የረሳህ ትመስላለህ። ገፋሁህ፣ እየሳቅክ ወጣህ። ከሰዓት በኋላ ከዛፍ ወድቀህ በቃሬዛ አመጡህ። አስከሬንህ ላይ ወድቄ ስስምህ ማንም አልከለከለኝም። ቀዝቅዘህ ነበር።

በፋሲካ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲሳሳም እኔ ጥቁር ለብሼ ጥግ ቆምኩ። የነፍስ አባታችን፣ ቤተ ክርስቲያን ለሕማሙ አንድ ሳምንት፣ ለትንሣኤው ደስታ ግን ሃምሳ ቀን የሰጠችው ያለ ምክንያት አይደለም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለእኔ ግን ተገለበጠብኝ፤ ሃምሳው ቀን አለፈ፣ የእኔ ማክሰኞ አላለፈም። እንደምትነሣ አምናለሁ ታዴዬ። ማመኔ ግን ናፍቆቴን አልቀነሰልኝም። ከዚያ ወዲህ ማርታን እንኳ ስሜያት አላውቅም፤ አንተን የነሳሁህን ለሌላ ሰው መስጠት ከበደኝ።

ዛሬ ጠዋት ግን ቦርሳዋን አንግታ ጉንጯን ሰጠችኝ። ሕማማት ነው ልላት ስል ቀረሁና ፊቴን አዞርኩ። እሷም መንገዷን ቀጠለች። በሩ ጋ ስትደርስ ጠርቼ መለስኳትና ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ፣ ከዚያ እየሮጠች ሄደች። እኔም ደጁ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሥርዓት አፍርሻለሁ፤ ከበዓሉ በኋላ ለአባ እናገራለሁ። ስግደት ቢያዙኝ እንኳ በሃምሳው ቀን ስለማይሰገድ እስከ ጰራቅሊጦስ ይታገሡኛል። ይህን ብትሰማ ትስቅብኝ ነበር።

አልረሳህም። የፋሲካ ዕለት ከቅዳሴ ስወጣ፣ ነጭ ነጠላዬን ለብሼ፣ ማንንም እንኳን አደረሰህ ሳልል በፊት ወደ መቃብርህ እመጣለሁ። ድንጋይህን እስመዋለሁ። ያን ቀን መሳም ይፈቀዳል።

ያንተው አልማዝ