የሠርግ ድንኳን ማሞቂያ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

መጋረጃዎቹን አጠብኩ። ድንች ጣድኩ። ስልክ ጮኸ።

«አቶ ቲሎን ማግኘት ይቻላል?» ከዕቃ አከራዮቹ ነው። ሎበል እባላለሁ አለ።

«የለም።»

«መቼ ይመለሳል?»

ምን ይባላል? «አይመለስም። ልጄ ማርች ላይ ሞቷል» አልኩት።

ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማኛል። «በጣም አዝናለሁ። ታዲያ... የተከራየው የገበያ ጎጆ ይምጣ ወይስ ይቅር?»

ጥሩ ጥያቄ። ልጁ ሞተ፣ ጎጆው ግን በሕይወት አለ።

ቲሎ ለገና ገበያው ቦታ ስድስት ዓመት ወረፋ ጠበቀ። ፌብሩዋሪ ላይ ደረሰው። የቀረጻቸውን የእንጨት ፈረሶችና በጎች በራሱ ጎጆ ሊሸጥ... ወዲያው ሮጦ ጎጆ ተከራየ። በወሩ መንገዱ በረዶ ሆነ። ሞተር ብስክሌቱ...

ቦታው ዘንድሮ ባዶ ከቀረ ለተረኛዋ ያልፋል። ተረኛዋ ወይዘሮ ኪርባህ ናት። የስልክ ልባስ ነው የምትሸጠው። የሚያብለጨልጭ።

«ይምጣ» አልኩት።

ድንቹ አረረ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

አከራዮቹ ግቢ ሄድኩ። ሎበል ወፍራም፣ ጨዋ ሰው ነው።

«መብራት ይፈልጋሉ?»

«በጨለማ ነው እንዴ የሚሸጠው?»

«እንግዲያው መብራት። ማሞቂያስ?»

«ምን ምን አለ?»

«የጋዝ አለ፤ የገበያው ኮሚቴ ከልክሎታል። የኤሌክትሪክ አለ፤ እሱን ከሰኩት የጎጆዎቹ ረድፍ መብራት በሙሉ ይጠፋል።»

«ስለዚህ ወይ የተከለከለ ነው ወይ የሚያጨልም።»

«እንደዚያ ማለት ይቻላል» አለ፤ ምንም ሳያፍር። «ግድ የለም፣ የሚሆን እፈልግልዎታለሁ።»

ዘንድሮ «ግድ የለም» ያላለኝ ማን አለ?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

የባሌ እህት ሃይድሩን መጣች። ኬክ ይዛ። ከማርች ወዲህ ኬክ ያልያዘ ሰው በዚህ በር አልገባም። ሐዘን ያወፍራል ለካ።

«መልአክ ነበር እኮ» አለች። «እጁ ወርቅ!»

መልአክ? የሻይ ኩባያውን ሻጋታ እስኪያበቅል አልጋው ሥር የሚተው ልጅ? ቄሱም መልአክ ብሎታል። የፖስታ ቤቷም ሴትዮ። ሰው ሹመት የሚያገኘው ሲሞት ነው መሰለኝ።

እኔም «አዎ» አልኩ። ምን ልበል? ስለ ኩባያው ባወራ «ምን ዓይነት እናት ናት» ይሉኛል። እነሱ መልአኩን ወሰዱ፤ ቲሎን የማውቀው እኔ ብቻ ቀረሁ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 22

ጎጆው በጭነት መኪና መጣ። ማሞቂያውም... የጥጃ ያህል ነው። ብርቱካናማ፣ ባለ ጎማ፣ በናፍጣ የሚሠራ። ከኋላ ቆሞ በወፍራም ቱቦ ወደ ጎጆው ይነፋል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ለሠርግ ድንኳን የሚከራይ ነው» አለ ሎበል። «ሁለት መቶ ሰው ያሞቃል።»

«እኔ አንድ ነኝ።»

«ይተርፍዎታል እንጂ አያንስዎትም።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ብሮይኒግ ደንቡን ይዞ እየሮጠ መጣ። ቆሞ አነበበ። መልሶ አነበበ። ደንቡ ጋዝ ክልክል ነው ይላል። ስለ ናፍጣ የሚል የለም። ለደንብ የሚሞት ሰው በራሱ ደንብ ሲሸነፍ... ከማርች ወዲህ ያየሁት ደግ ነገር ይሄ ነው።

እሁድ፣ ኖቬምበር 23

የሙታን እሁድ፤ ሙታን የሚታሰቡበት ቀን። ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ ጎጆው ሄድኩ። አምፖሎቹን ልሞክር አበራሁ። ብሮይኒግ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«ሮስቪታ! ገበያው የሚከፈተው ነገ ነው። ዛሬ መብራት አይበራም። ለሙታን ክብር!»

«አሁን ከእነሱ ዘንድ ነው የመጣሁት። ቅር ያላቸው አልመሰለኝም።»

ፊቱ ቀላ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «እንግዲያው... መስኮቱን ዘግተሽ ሞክሪው።»

ዘግቼ ሞከርኩ። ሁሉም ይበራሉ። እስኪመሽ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 24

ተከፈተ። ፈረሶቹንና በጎቹን ደረደርኩ። ዋጋ ለጠፍኩ። ለአንዱ ዘጠና ዩሮ።

ከጎኔ ጉንዱላ ናት፤ ለውዝ በስኳር እየቆላች ትሸጣለች። ዋጋውን ስታይ ማማሰያዋ ከእጇ ወደቀ።

«አንቺ ሴትዮ! ሱቅ ነው ሙዚየም?»

«የእጅ ሥራ ነው።»

«ሰው እንዳይገዛሽ ነው እንጂ!»

ምላሷ ይቆረጥ... እውነቷን ነው። አንዱ ከሄደ የሚተካው የለም። ታዲያ ጎጆውን ለምን ተከራየሁ? ቦታው እንዳይወሰድ። ቦታውስ ለምን? እኔ እንጃ።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 5

እስካሁን አንድም አልተሸጠም። ማሞቂያው ግን ዝነኛ ሆኗል። ሙቀቱ በባንኮኒው ላይ አልፎ መንገዱ ላይ ይወጣል። ከተማው ትኩስ ወይኑን ከሌላ፣ ቋሊማውን ከሌላ ይገዛና መጥቶ እኔ ፊት ይበላል። ጀርባውን እያሞቀ። ዞር ይሉና «ዘጠና?!» ይላሉ። ከዚያ ሐዘኔ ትዝ ይላቸዋል... «ይገባዋል፣ እጁ ወርቅ ነበር።» ወርቅ ነው ብሎ የሚያምን ሞልቷል፤ የሚገዛ የለም። ተመስገን።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 13

አንድ ሽማግሌ መጡ። የከተማችን ሰው አይደሉም፤ በአውቶቡስ ከሌላ ከተማ። ጀርባቸውን ሲያሞቁ ቆይተው ዞሩ። አንዱን ፈረስ አነሱ።

«ይሄ ምንድነው? ውሻ?»

«ፈረስ ነው።»

ባንኮኒው ላይ አቆሙት። ተንገዳገደና በጎኑ ወደቀ። «ያነክሳል! የኋላ እግሩ አጥሯል። ሠሪውን ምን አጣደፈው?»

ጉንዱላ ማማሰሏን አቆመች። ዙሪያውን የቆሙት ወይናቸውን እንደያዙ ደረቁ። ሰውየውን በዓይናቸው ሊበሏቸው ነው።

እኔ ግን... ሳቄ መጣ።

«ችኩል ነው» አልኩ። «ከሕፃንነቱ ጀምሮ። የጫማውን ክር ሳያስር ነው የሚሮጠው። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። ስንቴ ነገርኩት!»

«ልጅሽ ነው?»

«ልጄ ነው።»

«ቀለሙን አሳምሮታል፤ አይካድም። ግን ዘጠና ዩሮ ለአንካሳ ፈረስ? ጤነኛ ቢሆንም አልከፍል።»

«ስንት ይከፍላሉ?»

«አሥራ ሁለት።»

«ይውሰዱት።»

ኪሳቸው ከተቱት። ትንሽ ሄደው ዞር አሉ። «በይ ንገሪው። ሌላ ጊዜ እግሩን ይለካ!»

«እነግረዋለሁ» አልኩ።

ጉንዱላ ዓይኗን ጠረገች። የስኳሩ ጭስ ነው አለች።

እሁድ፣ ዲሴምበር 14

ጠዋት መቃብሩ ጋ ሄጄ በረዶውን ጠረግሁ። ነገርኩት። ስለ ፈረሱ እግር። እግረ መንገዴን ስለ ሞተር ብስክሌቱም... ጮክ ብዬ ተቆጣሁት። ማዶ ሻማ ታበራ የነበረች ሴት ሻማዋን ጥላ ሄደች።

ከዚያ ወደ ጎጆው ወርጄ ዋጋውን ቀነስኩ። ከሰዓት በኋላ መደርደሪያው ሳሳ። አንዱ ሲነሣ መልሼ ልነጥቅ ይቃጣኛል፤ ግን እሰጣለሁ።

ሃይድሩን መጣች። ኬክ ይዛ። «የዚያን መልአክ እጅ ሥራ...» ብላ ስትጀምር አንድ በግ እጇ ላይ አኖርኩ።

«ሃይድሩን፣ ይሄ አንድ ጆሮ ይጎድለዋል። ሰንፎ ነው። በስምንት ዩሮ ትገዢያለሽ?»

በጉን አየች። እኔን አየች። እንደገና በጉን።

«መሰላሌን ተውሶ እስካሁን አልመለሰልኝም እኮ» አለች። «ያ ሌባ!»

ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች።

«ቀጥይ» አልኳት።