ሙት ዓመትሽን ራመን ቤት ያዋለው ልጅሽ

የሺዬ፣

እንደ ደብዳቤ ወጉ «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል» ብዬ ብጀምር የምትስቂብኝ አንቺው ነሽ፤ ስለዚህ ይቅር። እኔ ግን ደኅና አይደለሁም፤ ተናድጃለሁ። ከተለየሽኝ ባለፈው ቅዳሜ ዓመት ሞላሽ። ሙት ዓመትሽ የት እንደዋለ ብነግርሽ ከተኛሽበት ቀና ትያለሽ። ለቡ መብራት ኃይል፣ ከሞባይል ጠጋኝ ሱቅ አጠገብ፣ ራመን ቤት ውስጥ!

በቅደም ተከተል ልንገርሽ፤ አለበለዚያ «ደሞ ጀመርክ፣ ጫፍ የሌለው ወሬህን» ትይኛለሽ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ታምራት ልጅሽ «ብቻህን አትቀመጥም» ብሎ ከነሚስቱ ከነልጁ ጎፋ ቤታችን ገባ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሳሎኑን ቀለም አስቀባ። ፎቶሽ «ቀለሙ እስኪደርቅ» ተብሎ ወረደ። ቀለሙ ደረቀ፤ በበሩ በኩል መላጥም ጀምሯል፤ ፎቶሽ ግን አልተመለሰም። ስምሽንም የሚጠራ የለም። በዚህ ቤት ስምሽ «በፊት» ሆኗል። «በፊት እዚህ ጋ መጋረጃ ነበር»፣ «በፊት እዚህ ጋ ጎመን ይተከል ነበር» ይላሉ። መጋረጃውን ማን ሰፋው? ጎመኑን ማን ተከለው?

ጴንጤ መሆኑን አይደለም የምከስሰው። እሱን ጉዳይ አንቺ ራስሽ «ፈጣሪውን እስካልካደ ምን አገባኝ» ብለሽ ድሮ ዘግተሽዋል። የምከስሰው ሌላ ነው። ሙት ዓመትሽ ሲቃረብ ለነፍስ አባታችን ልናገር ብዬ ከዘራዬን ሳነሳ «አባዬ፣ አንተ አትልፋ፤ እኔ አስቤበታለሁ። ቅዳሜ ለምሳ ተዘጋጅተህ ጠብቀኝ» አለኝ። አመንኩት። ሽማግሌን ሌባ አያሞኘውም፣ ልጁ ነው የሚያሞኘው። ሄጄ ለጎረቤታችን ለአልማዝ ጉራዬን ነዛሁባት። «ጴንጤ ነው፣ እናቱን አይዘክርም ያልሽው ልጅ ይኸው አዳራሽ ሳይከራይ አልቀረም!» አልኳት። እሷም አፍራ ድፎ ዳቦ ጋገረች።

ቅዳሜ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። አልማዝ ዳቦዋን ታቅፋ ከኋላ ተቀመጠች። ታምራት ዳቦውን ሲያይ ፊቱ ልውጥ አለ፤ ሞተሩን አስነሳ። መኪናው ቤተ ክርስቲያኑን አለፈ። ወደ አዳራሹ ነው አልኩ። አዳራሹንም አለፈ። ሌላ አዳራሽ ነው አልኩ። በመጨረሻ አንድ ጠባብ ቤት ደጃፍ ቆመ። ብሌን፣ ያቺ የልጅ ልጅሽ፣ እጄን ይዛ «አባባ፣ ሰርፕራይዝ!» አለችኝ። ልጅቷ ምንም አታውቅም፤ ቀኑን የነገራት የለም። አያቷን ምሳ መጋበዟ ነው።

ውስጡ ረጅም ባንኮኒና ከፍ ከፍ ያሉ ወንበሮች ብቻ ናቸው። አልማዝን ወንበሩ ላይ ለማውጣት ከእኔ ሌላ አንድ የማናውቀው ወጣት ደገፋት። ራመን ማለት የጃፓኖች ረጅም ፓስታ ነው፤ በአጥንት ሾርባ ተውጦ በጎድጓዳ ሳህን ይመጣል። ላዩ ላይ ግማሽ እንቁላል ይጋደማል፤ አስኳሉ ገና ይፈሳል። አንቺ ብታዪው «ይሄን ሳይበስል ማን አወጣው?» ብለሽ ወጥ ቤታቸው ትገቢ ነበር። አልማዝ «አሳማ የለበትም?» አለች በሹክሹክታ። ሹክሹክታዋን ታውቂዋለሽ፣ ሳር ቤት ድረስ ይሰማል። ምግብ አብሳዩ «የዶሮ ነው፣ እናቴ፣ አይስጉ» አላት።

ታምራት ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። ስለ ምግቡ አመሰገነ። ስለ ጤና አመሰገነ። መንገዱ ስላልተዘጋጋ እንኳ አመሰገነ። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። «አሜን» አለ። የለሽበትም።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቤት ሆነህ እንዳታዝን ብዬ ነው፣ አባዬ። ቀኑ ሳይታወቅህ እንዲያልፍ» አለኝ። ሳይታወቅህ! የሺዬ፣ ያቺን ቃል ስሰማ ሾርባው ከሳህኑ ይልቅ እኔ ውስጥ ፈላ። የአንቺን ቀን እንደ መርፌ፣ ዞር በል ብሎ ሊወጋኝ!

ተነሳሁ። ኮቴን ጎተተኝ፤ አልተቀመጥኩም። «ልጆቼ» አልኩ፤ ቤቱ በሙሉ ዞረ፤ ካንዱ ልጅ አፍ ፓስታው እንደተንጠለጠለ ቀረ። «ዛሬ የባለቤቴ የየሺ ሙት ዓመት ነው። ልጇ ደግሷል። ብሉና ነፍስ ይማር በሉልኝ።» አብሳዩ ሙዚቃውን አጠፋ። ያ አልማዝን የደገፋት ወጣት «አባባ፣ ጠበል ጸዲቁ ራመን ነው እንዴ?» አለ። «ምን ላድርግ ልጄ፣ የደጋሹ ምርጫ ነው» አልኩት። ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ክፉ አልነበረም። አልማዝ ዳቦውን ቆርሳ ለሁሉም አደለች። ሾርባው ውስጥ እየነከሩ በሉት፤ አብሳዩም ቆሞ በላ። ከዚያ አንዷ «ነፍስ ይማር» ስትል ሁሉም ተከተሏት። ብሌን «ዛሬ ነው እንዴ?» ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ አባቷን አየችው፣ አየችው፣ አየችው።

እኔም በላሁ። ስትስቢው ድምፅ ማሰማት በጃፓኖቹ ዘንድ ነውር አይደለም አሉ። ዕድሜዬን ሙሉ «ሾርባ እያስጮህክ አትማግ» ስትይኝ የኖርሽውን ያን ቀን ተበቀልኩሽ።

ታምራት አልበላም። ደጅ ወጥቶ መኪናው አጠገብ ቆመ። ተከትዬው ወጣሁ። «የማላምንበትን ጸሎት አፌ አይልም» አለኝ። «አትበል» አልኩት፤ «ጸሎቱን ተወው። እናቴ የሺ በል። ይሄ የየትኛው ሃይማኖት ኃጢአት ነው?» ቁልፉን በእጁ ሲያገላብጥ ቆየና «እንሂድ፣ ይመሽብናል» አለ። ገና ስምንት ሰዓት ነበር!

አሁን ያደረግሁትን ስሚ፤ የምትስቂም ከሆነ ሳቂ። የእድራችንን ዳኛ አነጋግሬዋለሁ። እሑድ ድንኳኑ ይተከላል፤ ግቢ ውስጥ አይደለም፣ ውጭ፣ ልክ በራችን ላይ። መኪናው መውጫ የለውም። ምግቡን አልማዝና የማኅበር ጓደኞችሽ ተካፍለውታል። ጥሪውን በእኔ ስም አላወጣሁም፤ «ታምራት ለእናቱ ለየሺ ዝክር ደግሷል» ብዬ ቤት ለቤት አዳረስኩ። ከትናንት ጀምሮ መንገድ ላይ እያስቆሙ ይመርቁታል፤ «ተባረክ፣ የሺን አልረሳሃትም» ይሉታል። ትናንት ማታ ተንደርድሮ ገብቶ «አባዬ፣ ምን ሠራኸኝ?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጮኽኩ። «የእማዬን ቀን የሰው መሳቂያ አታድርገው!» አለኝ።

እማዬ አለ፣ የሺዬ። ዓመት ሙሉ ያልወጣው፣ በቁጣ ወጣ። ይቅር አላልኩትም፤ እሑድም ድንኳኑ ይቆማል። አንቺ ግን አትስጊ። እኔ በሕይወት እስካለሁ በዚህ ቤት ስምሽ ይጠራል፤ በፍቅር ካልሆነ በጠብ።

ያንቺው፣ አስቸጋሪው ሽማግሌ