ማኅተሙን ያደረግኩት እኔ ነኝ

ውድ ልጄ ሱሚኤ፣

ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። ጀልባዬን አሁንም ራሴ አስነሳለሁ፣ መረቤን ራሴ እጠግናለሁ፣ ሩዜን ራሴ እቀቅላለሁ። እስከ እናትሽ መቃብር ያለውን መቶ ሠላሳ ደረጃ ሳላርፍ እወጣለሁ፤ ጉልበቴ የሚያማርረው ስወርድ ብቻ ነው። አንቺ ፉኩኦካ ከተማ የሰው አዛውንት ስታነሺና ስታስተኚ፣ እኔ እዚህ ደሴቱ ላይ የልጅሽን የናጊሳን ፀጉር እጎነጉናለሁ። የጀልባ ገመድ አስመሰልከው ብላ ትስቅብኛለች እንጂ እስከ ማታ አይፈታም። ይህን ሁሉ የምቆጥርልሽ፣ ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ «አባቴ ጃጅቶ ነው» እንዳትይ ነው። አልጃጀሁም። አውቄ ነው የዋሸሁሽ።

ናጊሳን ወደ ልዩ ድጋፍ ክፍል ያዛወራት ወረቀት ላይ ማኅተም ያደረገ ሌላ ሰው አይደለም። እኔ ነኝ።

የካቲት ላይ ርዕሰ መምህሩ ኢዋናጋ ከናጊሳ አስተማሪ ከኩሮኪ ጋር ቤት መጣ። ሻይ ቀዳሁላቸው። ሰውዬው ስለ ብርዱና ስለ ዓሣው ሲያወራ ቆየና ወረቀት አወጣ።

«አባባ ቶራ፣ ናጊሳ ሚያዝያ ላይ ስድስተኛ ክፍል ትገባለች። እንደገባች ደግሞ አገር አቀፉ ፈተና አለ። ልጅቷ እንዳትጨነቅ ለብቻዋ ተረጋግታ ብትማር ብለን ነው። አንብበውት ካመኑበት ነው ታዲያ።»

ይህን አንቺ አታውቂም፤ እናትሽ ግን ታውቅ ነበር። ቀላሉን ፊደል እጽፋለሁ፣ ይኸው እየጻፍኩልሽ ነው። የመንግሥት ወረቀት የሚጻፍበት ከባዱ ፊደል ግን ለእኔ የሸርጣን ዱካ ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላኝ ባሕር ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስተምረኛል? አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ እናትሽ አንብባ «እዚህ ጋ» ስትለኝ ማኅተሜን አሳርፍ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ክቧን ምልክት እየፈለግኩ አሳርፋለሁ። የመብራቱም፣ የዓሣ አጥማጆች ማኅበሩም፣ የትምህርት ቤቱም ወረቀት ላይ ማኅተም የሚያርፍባት ክብ ምልክት አትጠፋም።

ወረቀቱን ተቀብዬ ራሴን እየነቀነቅኩ ከላይ እስከ ታች አየሁት። ኩሮኪ ገና ልጅ ናት፣ ቢበዛ ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው። ነገሩ ገባት መሰለኝ፣

«አባባ፣ ጮክ ብዬ ላንብብልዎት?» አለችኝ።

«ለእኔ? አንቺ ሳትወለጂ ወረቀት ስፈርም የኖርኩ ሰው ነኝ» አልኳትና ማኅተሜን ቀዩ ቀለም ላይ ጫን አድርጌ ክቧ ላይ አሳረፍኩ። ኢዋናጋ ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ። በጣም ዝቅ ብሎ ነበር ያጎነበሰው። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ወደብ ላይ ዓሣ አጥማጁ ገንዞ ከሩቅ ጠራኝ።

«ቶራ፣ ዘንድሮ ትምህርት ቤታችን አውራጃውን ሊቀድም ነው አሉ።»

«አምና ጭራ አልነበረም እንዴ?»

«መልህቁን ቆርጠው ጣሉታ! አምስት ልጅ ብቻ ይዘው ይቀዝፋሉ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ስድስተኛ ክፍል ያሉት ስድስት ልጆች ናቸው። መልህቁ ማን እንደሆነ የገባኝ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው። እዚያ ልዩ ክፍል የገባ ልጅ ውጤቱ ከትምህርት ቤቱ አማካይ ጋር አይደመርም ለካ።

ማታ ናጊሳ ራቷን ሳትነካ ቁጭ አለች።

«አያቴ፣ ሌሎቹ ሲፈተኑ እኔ ዕቃ ቤቱ አጠገብ ሥዕል ቀለም ስቀባ ዋልኩ። አያትሽ ነው የፈረመው አሉኝ። ደደብ ናት ብለህ ነው?»

«እኔ ምንም አልፈረምኩም» አልኳት።

ውሸቱ እዚያ ላይ ጀመረ። በማግስቱ አንቺ ደወልሽ። «አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ አንተ ነህ?» አልሽኝ። «ወረቀቱን ዓይቼውም አላውቅ» አልኩሽ። አመንሽኝ። ለምን አታምኚኝም? የደሴቱ እኩሌታ የቤተሰብ ስሙ እንደ እኛው ሃማሳኪ ነው፤ ሃማሳኪ የሚል ማኅተም ወደቡ ሱቅ ውስጥ ከማስቲካው ጎን ተደርድሮ ይሸጣል። ማንም ገዝቶ ሊመታው ይችላል። «አስተማሪዋ በአባቴ ስም ማኅተም አድርጋለች» ብለሽ ለትምህርት ቢሮው ጻፍሽ። ኢዋናጋም ነገሩ ሲከር «ወረቀቱን ያስሞላችው እሷ ናት፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም» ብሎ ገለል አለ። ነገ ሰኞ የቢሮው ሰዎች በጠዋቱ መርከብ ሊመረምሯት ይመጣሉ።

ትናንት ኩሮኪ ብቻዋን መጣች። ሻዩን አልነካችውም።

«አባባ፣ ለምን እንደዋሹ አልጠይቅዎትም። ሰኞ ሲጠይቁኝ ግን ማኅተሙን እኔ አላደረግኩትም ነው የምለው። ካላመኑኝ ከሥራዬ እባረራለሁ።»

«ታዲያ እኔን ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?»

«ምንም። ያን ዕለት ቢቆጡኝም ላነብልዎት ይገባኝ ነበር። እሱ የእኔ ጥፋት ነው። ሌላው ግን የእኔ አይደለም።»

ከቦርሳዋ የተረፈ የሒሳብ ፈተና ወረቀት አወጣች። ናጊሳ ለምናት ኖሮ ዓርብ ከትምህርት በኋላ አስፈትናታለች። ከአሥራ ስድስት ስድስት አግኝታለች።

ናጊሳ ከጓዳ ሰምታን ወጣች፤ እርሳስ አንስታ የወረቀቱ ጀርባ ላይ ትጽፍ ጀመር። «ልጆቹ ነግረውኛል፤ የአምስቱ ውጤት ሲደመር ስልሳ ነው። ለአምስት ሲካፈል አሥራ ሁለት። የእኔ ስድስት ሲገባ ስልሳ ስድስት። ለስድስት ሲካፈል አሥራ አንድ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አንድ ብቻ ነው የምቀንሰው፣ አያቴ።»

ኩሮኪ ወረቀቱን ወደ ራሷ አዞረችና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ተከተለች። «ልክ ነው» አለች። ጫማዋን አድርጋ ሄደች።

ይህ ደብዳቤ የሚሄደው ሰዎቹን አምጥቶ በሚመለሰው መርከብ ነው። እጅሽ ሲገባ ነገሩ አልቋል። ስለዚህ ለቢሮው እንዳትደውዪ፣ ልምጣም እንዳትይ። ዕዳው የእኔ ነው፣ የምከፍለውም እኔው ነኝ።

የኩሮኪን ነገ ጠዋት እከፍላለሁ። ማኅተሜን ይዤ ሄጄ ወረቀቱ ላይ ካለው ማኅተም ጎን እመታዋለሁ፤ የእኔው ጠርዙ ላይ ስንጥቅ አለው፣ የሱቁ የለውም። በልጄ ስምም ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝና። ኢዋናጋን ደግሞ ያንን ወረቀት በሰዎቹ ፊት ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ እለምነዋለሁ፤ ማንበብ አልችልም ብዬ። እያንዳንዱን ቃል ያንብብ። «እንዳትጨነቅ» የሚል ካለበት እሰማዋለሁ። ናጊሳን ወደ ክፍሏ የሚመልሳትን ወረቀት ግን ኩሮኪ ታነብልኛለች፤ ካልሰማሁ ማኅተም የለም። ገንዞ ዘንድ ያለችኝ ትንሽ ናት፤ አብሬው የሳቅኩትን ሳቅ እዚያው ወደቡ ላይ፣ ሰው በሞላበት፣ አልስቅም ብዬ እመልስለታለሁ። ያንቺን ስትመጪ ፊትሽ ተቀምጬ እከፍላለሁ፤ ያሻሽን ትናገሪያለሽ፣ መልስ አልሰጥም።

የናጊሳ ከሁሉ ይከብዳል። «ደደብ ናት ብለህ ነው?» ላለችኝ እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም። አሁን ውጭ የተሰጣውን ዓሣ እየገለበጠች ነው። ደሴቱ ሳይሰማ፣ አንቺም ሳታነቢ፣ ማንበብ ያቃተው አያቷ እንደሆነ ከእኔው አፍ ትስማ። ፖስታውን የምዘጋው ነግሬያት ስመለስ ነው።

አባትሽ ቶራኪቺ